የሚስ ራግ ወረንጦ

ሰኔ ሲገባ የሃትስዴል ሳንቃዎች ወንዝ ውስጥ ይተኛሉ። መንደራችን በየዓመቱ ጭቃ በተለጠፈ ሳንቃ ላይ የአበባ ሥዕል እየሠራ ምንጮቹን ያስጌጣል፤ ቄስም ጠርቶ ያስባርካቸዋል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው፣ በጠራው ውሃ ሥር ሰፋፊ እንጨቶች ድንጋይ ተጭኗቸው ተጋድመው፣ ትናንሽ ዓሦች በላያቸው ሲመላለሱ ይታዩታል። ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ ካልጠገበ፣ በኋላ የሚለጠፍበትን ጭቃ እርጥበት ይመጠዋል፤ ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ጭቃው ላይ የተተከለው የአበባ ሥዕልም ቄሱ መጥተው ምንጩን ሳይባርኩ ይረግፋል። ይህን የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም። የማያውቅ ከተገኘም ከሸለቆው ማዶ የመጣ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ሄስተር ራግ በእነዚያ ቀናት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ድልድዩ ላይ ሳትቆም አታልፍም። የመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ስድሳ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ከዕድሜ እኩዮቿ በቀር ሁሉም ሚስ ራግ ነው የሚላት። ውሃውን ስታይ ሐሳቧ አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው የቆመ፣ ድልድዩ የሚሄድ ይመስላታል። የትምህርት ቤቱ ደወል ከማዶ ሲደወል ትሰማዋለች፤ ግን ለሌላ ሰው የሚደወል፣ እሷን የማይመለከት ነገር ይሆንባታል። በዚያ የሚያልፍ ሰው "ሚስ ራግ ዛሬም ዓሦቹን በስም እየጠሩ ነው" ብሎ ይስቃል፤ እሷም ነቅታ ትሮጣለች።

አባቷ ጣራ ሠሪ ነበር። በእኛ በደርቢሸር ኮረብታ የድሮ ቤት ሁሉ ጣራው ድንጋይ ነው። ስስ ጠፍጣፋው ድንጋይ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይደረደራል፤ የላይኛው የታችኛውን ይጋርዳል፤ ዝናብም መግቢያ አጥቶ ተንሸራቶ ይወርዳል። የአበባ ቅጠል ጭቃ ላይ የሚተከለው በዚሁ ሕግ ነው፤ ከታች ወደ ላይ። ሄስተር ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ የዶሮ ቤቱን ጣራ አንድ መስመር እንድትደረድር ሰጣት። ደረደረች። እናቷን ጎትታ አሳየች፤ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። በማግሥቱ ጠዋት ስታየው ድንጋዮቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። እሷ ግን አንዱን አጣማው እንደነበር ታውቃለች፤ ጥግ ላይ የነበረውን፣ ቀላ ያለውን፤ አሁን በቦታው ሌላ ድንጋይ ገብቷል። አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠማማ ነገር እያለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ዶሮ ቤቱን ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም አላሳየችም።

ዕድሜ ልኳን ያስተማረችውን ትምህርት ድሮ "የእጅ ሥራ" ነበር የሚሉት። ጡረታዋ ሲቃረብ መንግሥት አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አወጣና "ዲዛይንና ቴክኖሎጂ" አለው። "ስሙ ረዘመ እንጂ ሙጫው ያው ነው" ብላ አላገጠች። በልቧ ግን ወደደችው። አዲሱ ትምህርት ልጆች መጀመሪያ እንዲያስቡ፣ የሚሠሩትን አስቀድመው እንዲስሉ፣ ከዚያ እንዲሠሩ፣ ሠርተውም እንዲሞክሩት ያዝዛል። እሷም በየክፍለ ጊዜው "መጀመሪያ ሳሉት!" እያለች ትዞር ነበር። ልጆች ደግሞ ልጆች ናቸው። ከክር ማጠንጠኛ የተሠራ ጎማ ያለው ጋሪ ሥሩ ሲባሉ፣ ጋሪውን ጠረጴዛ ሥር ደብቀው ይሠሩና ሲያበቁ አውጥተው እያዩ ይስሉታል፤ "ይኸው ሚስ፣ ልክ እንደሳልኩት ወጣ!" ይሏታል። እያወቀች ትገረምላቸዋለች። ሥራው ሁሉ አልቆ ሲሞከር ደግሞ አንድ ጥያቄ አላት፤ "ደግመህ ብትሠራው ምኑን ትቀይራለህ?" ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የመንደራችን ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ምስጢር ነበራት፤ ቢያንስ እሷ ምስጢር ይመስላት ነበር። በመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ቀጭን ወረንጦ ትይዛለች። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ በር ዘግታ ትቀመጥና የተንሻፈፈውን ጎማ ታቀናለች፤ የተዝረከረከውን ሙጫ ትፍቃለች። በሰኔ ደግሞ፣ የልጆቹ የአበባ ሳንቃ ሲሠራ፣ የተጣመመውን ቅጠል ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች ታስተካክላለች። የትምህርት ቤቱ ሳንቃ በየዓመቱ "የልጅ እጅ ነው ቢሉ ማን ያምናል?" የተባለለት በዚህ ነው። ይህ ሲባል ደስ ይላት ነበር፤ ቤቷ ስትገባ ግን ደስታው ያልቅባታል።

በዚያ በመጨረሻው ዓመቷ ዊልፍ ፈርኒስ ክፍሏ ድረስ መጣ። ዊልፍ የምንጭ ማስጌጥ ኮሚቴው አለቃ ነው፤ ቆቡን ከእንቅልፉ በቀር ከራሱ የማያወርድ ሽማግሌ።

"ሄስተር፣ አዛውንቶቹ አለቁብኝ" አለ። "ግማሹ ጉልበቱን ያመዋል፣ ግማሹ አርፏል። ዘንድሮ ትልቁን ምንጭ ለልጆችሽ ልሰጥ ነው።"

ሄስተር ጠመኔውን አስቀመጠች። የልጆቹ ሳንቃ ከጥንት ጀምሮ የሚቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ጋ ነበር። ትልቁን ምንጭ ስትመኘው ነው የኖረችው።

"እንዳታሳፍሪኝ ታዲያ" አለ ዊልፍ። "ቡራኬው ሳያልቅ ከረገፈ ኮሚቴው ዳግመኛ ለልጅ አይሰጥም። ወደ ላሞቹ ትመለሳላችሁ።"

"አንተ ወጣት ሳለህ የሠራኸው አንበሳ ግማሽ ፊቱ ረግፎ አልነበረም እንዴ?"

"ያ ነፋስ ነው!" ብሎ ወጣ።

ልጆቹ ሥዕል አቀረቡ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ የኪርስቲ መለር ሥዕል አሸነፈ። ከሁሉ በላይ የደነገጠችው ራሷ ኪርስቲ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ጌል ዶሮ ታረባለች፤ ኪርስቲም ከዶሮዎቹ ጋር ነው ያደገችው። አፏ ፈጣን፣ እጇ ዘገምተኛ ነው። ጋሪዋ ጎማ ሳይገባለት፣ የካርቶን አሻንጉሊቷ እጅ ሳይበቅልላት፣ ሁሉም "ያላለቀ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይከተት ነበር። አንድም ነገር ጨርሳ ወደ ቤቷ ወስዳ አታውቅም። የሳለችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነበር፤ ያቺን ሰማያዊ ጀርባና ብርቱካናማ ሆድ ያላትን፣ ወንዛችን ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋውን። ክንፏን ሰብስባ፣ ምንቃሯን ወደ ታች አድርጋ፣ ወደ ውሃ ስትወረወር።

ሸክላ ጭቃው ከኮረብታው መጣ፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ጨው ተነሰነሰበት፤ ልጆቹ ካልሲያቸውን አውልቀው ረገጡት። መጀመሪያ ጮኹ፣ ተገፋፉ፣ አንዱ ወደቀ። ቀስ በቀስ ግን ጭቃው ለሰለሰና ዝም አሰኛቸው። በአዳራሹ መስኮት የገባው ብርሃን እግራቸው ላይ ተኝቶ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ዞሩ። ሄስተርም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ጭቃው በጣቶቿ መሃል ሲወጣ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋት።

ከዚያ ጭቃው ከወንዝ በወጣው ሳንቃ ላይ ተለጠፈ፤ ሥዕሉ ከነወረቀቱ ተዘርግቶበት መስመሩ በመርፌ ተወጋ፤ ወረቀቱ ሲነሳ በነጠብጣብ የተሠራች ወፍ ጭቃው ላይ ቀረች። ዙሪያዋን ከወንዝ ዳር በለቀሙት ጥቋቁር የዛፍ ፍሬ አጠሩላት። ከዚያ አበባው መጣ፣ በባልዲ በባልዲ። አበባ መትከል ሲጀመር አዳራሹ ሌላ ዓለም ይሆናል። የእርጥብ ጭቃና የተቀነጠሰ አበባ ሽታ አየሩን ያከብደዋል፤ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይታወቅም። ልጆቹ አጎንብሰው ቅጠል በቅጠል ሲተክሉ፣ ሄስተር በመሃላቸው ስትመላለስ፣ ውሃ ሥር የምትሄድ ይመስላታል።

ከዚያ ህልም ያነቃት የዊልፍ ሳቅ ነበር። ሊጎበኝ መጥቶ ኪርስቲ ትከሻ ላይ አጎንብሷል።

"ይቺ ልጅ ጣራ ተገልብጦ አይታለች ልበል? ከላይ ወደ ታች እየተከለች ነው እኮ!"

እውነቱን ነው። ሰማዩን የሚሠሩት፣ ሣሩን የሚሠሩት፣ ሁሉም ከታች ወደ ላይ ይተክላሉ። ኪርስቲ ግን ወፏን ከጅራቷ ጀምራ፣ ሰማያዊውን ቅጠል ጫፉን ሽቅብ እያደረገች፣ ወደ ምንቃሯ እየወረደች ነው።

"ኪርስቲ፣ የእኔ ቆንጆ፣ ከታች ወደ ላይ አላልንም?" አለች ሄስተር።

"ብለሻል ሚስ። ግን ወፏ ተዘቅዝቃለች።"

"እና?"

"ላባ ከጭንቅላት ወደ ጅራት ነው የሚሄደው። ዶሮ አይተሽ አታውቂም? ጅራቷ ከላይ ከሆነ ላባውም ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ካደረግሁት የተነጨች ዶሮ ትሆናለች።"

"ዝናብ ቢመጣስ? ውሃው በየቅጠሉ ሥር ይገባል። ይረግፋል።"

ኪርስቲ አሰበች። ጭቃ በነካ እጇ አፍንጫዋን አከከች። "ወፏ እኮ ውሃ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ሚስ። ውሃ አትፈራም።"

ዊልፍ ሳቁን ዋጠና ሄስተርን ወደ ጎን ወሰዳት። "ደመናውን አይተሽዋል?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቅዳሜ ነው ቡራኬው።"

"አይቼዋለሁ።"

"ታስተካክይዋለሽ አይደል?"

"አስተካክላለሁ" አለች። ይህን ስትል ልጅቱን የበደለች እንኳ አልመሰላትም፤ ነገሩ የተለመደ ነው።

ኪርስቲ በዘገምተኛ እጇ ሌሎቹ ጨርሰው ከሄዱ በኋላም ቀረች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ቅጠሉን አንስታ፣ በብርሃን አይታ፣ ትተክላለች። በመጨረሻ ምንቃሩን በቅርፊት ሠራችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"አለቀ" አለች። ቃሉን ራሷም ያላመነችው ይመስል ደገመችው። "ሚስ፣ አለቀ እኮ።" ሹራቧን ወንበር ላይ ረስታ እየሮጠች ወጣች።

አመሻሽ ላይ ሄስተር ብቻዋን ቀረች። በሰኔ በእኛ አገር ብርሃን ቶሎ አይሄድም፤ ወርቃማ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይዘገያል። ከመነጽሯ ማኅደር ወረንጦዋን አወጣች። ከጅራቱ ጀመረች። የመጀመሪያውን ቅጠል አነሳች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከሥራቸው የልጅቱ የጣት አሻራ ጭቃው ላይ ታትሞ ታየ፤ ትንሽ፣ ጥርት ያለ። ሄስተር እሱን ስታይ ቆየች። የአዳራሹ ጸጥታ ድልድዩ ላይ እንደምትሰማው ዓይነት ሆነባት።

"የልጄን ሹራብ ልወስድ ነበር" አለ ከበሩ ድምፅ።

ጌል ናት፣ የኪርስቲ እናት። የዶሮ መኖ የተጣበቀበት ቦት ጫማ አድርጋለች። መጀመሪያ ወረንጦውን አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሰማያዊ ቅጠሎች።

"አሁንም ያደርጉታል እንዴ፣ ሚስ?"

"ምኑን?"

"ይሄንን ነዋ። እናውቅ ነበር እኮ። ሁላችንም።" ጌል ሹራቡን አንስታ አጣጠፈችው። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "እርስዎ ጋ ስማር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሳንቃችን ላይ በነበረችው ፀሐይ ጥግ አንዲት ቢጫ ቅጠል ተከልኩ፤ ጠርዟ የተቀደደ። የቡራኬው ቀን እማዬን ጎትቼ 'የኔዋን ላሳይሽ' አልኳት። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። የለችም። ፀሐይዋ ግን እንዴት ታምር ነበር መሰልዎት!"

ሄስተር ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበል? ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነው።" ጌል ወደ ሳንቃው ቀረብ ብላ ወፏን አየቻት። ፈገግ አለች። "ይቺ ደግሞ ዛሬ ቤት ገብታ ለዶሮዎቹ ሁሉ 'አለቀ፣ አለቀ' ስትል ነው ያመሸችው።"

"ይረግፋል እኮ ጌል። ዝናብ ከመጣ ሰው ሁሉ ፊት ይረግፋል። ትልቁን ምንጭ ዳግመኛ አይሰጡንም።"

"ይሆናል" አለች ጌል። "እርስዎ ያውቃሉ፣ ሚስ።" ሹራቡን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

ሄስተር ወደ ሳንቃው ተመለሰች። ዓይኗ ፊት ወፏና የዶሮ ቤቱ ጣራ ተደባለቁባት። ያ ጥግ ላይ የነበረው ቀላ ያለ ድንጋይ፣ ጠማማው፣ የእሷው፤ አባቷ ወዴት ጥሎት ይሆን? ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ያሳዝናታል። እንደ አባቴ ነኝ፣ አለች ለራሷ፤ አለችና አለቀሰች። ከዚያ ያነሳቻቸውን ቅጠሎች አንድ በአንድ፣ ጫፋቸውን ሽቅብ አድርጋ፣ በየአሻራቸው ላይ መለሰቻቸው። አንዱ ትንሽ ጠመመ። ተወችው።

ቅዳሜ የመለከት ባንዱ ከፊት፣ ቄሱ ከኋላው፣ መንደሩ በሙሉ ከነዣንጥላው ከምንጭ ወደ ምንጭ ዞረ። ትልቁ ምንጭ ሲደረስ ደመናው ከኮረብታው ወርዶ ጣራዎቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳንቃው ከገንዳው በላይ ቆሟል። ልጆቹ ከፊት፣ ኪርስቲ ከመሃል፣ ሄስተር ከጎናቸው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያው ጠብታ ገጹ ላይ አረፈ።

ዝናቡ ወረደ፤ ሳንቃው ላይ ያለው ሰማይ ጸና፤ ሣሩም ጸና። ከታች ወደ ላይ የተተከለው ሁሉ ዝናቡን እያንሸራተተ ወደ ታች ላከው። ወፏ ግን ውሃውን ያዘችው። በየላባዋ ሥር አንድ አንድ ጠብታ ተቀመጠ፤ ጀርባዋ በሙሉ አበራ፤ በዝናቡ ውስጥ የምትንቀጠቀጥ፣ ነፍስ የዘራች መሰለች። ቄሱ ቃላቸውን አቁመው አዩ። ባንዱ ውስጥ አንዱ መለከቱን ከአፉ አወረደ። ሄስተር እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

ከዚያ አንድ ቅጠል ወረደ። ከጅራቱ ነው። ተንሸራቶ ገንዳው ውስጥ ጠብ አለ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ጀርባዋ ተላቀቀ፤ ሰማያዊው በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ውሃው ወረደ። ብርቱካናማውም ተከተለ። ሳንቃው ላይ በጥቋቁር ፍሬ የታጠረ ባዶ ጭቃ ቀረ። ቡራኬው ገና አላለቀም። ዊልፍ ዓይኑን ጨፈነ። ሄስተር ልጅቱን ለማየት ድፍረት አጣች።

"ገባች!" የሚል ጩኸት ተሰማ።

ኪርስቲ ናት። በሁለት እግሯ እየዘለለች ገንዳውን ታሳያለች። "ሚስ! ገባች እኮ! ዘልላ ገባች!"

ሰማያዊው ገንዳው ላይ ተሰብስቦ ሲሽከረከር ቆየና በመፍሰሻው አልፎ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዙ ሄደ። ልጆቹ ሰልፋቸውን ጥለው በቦዩ ዳር ተከትለው ሮጡ። ሰው ሳቀ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ቄሱ የቀረውን ቡራኬ ለውሃው አነበቡለት። ዊልፍ ፈርኒስ ደግሞ ሃትስዴል አይታው በማታውቀው ሁኔታ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዝናብ ላይ፣ ቆቡን አወለቀ።

"ወደ ላሞቹ መለስከን?" አለችው ሄስተር ቀርባ።

"ዝም በይ እስቲ" አለ። ድምፁ ሻክሯል። "ለከርሞ ግን ሽቅብ የምትበር ወፍ ይሳሉ።"

ሰኞ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። ሄስተር እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ "ኪርስቲ፣ ደግመሽ ብትሠሪው ምኑን ትቀይሪያለሽ?"

ኪርስቲ ሳትቸኩል አሰበች። "ዓሣ እጨምርላት ነበር። በባዶ ሆዷ እኮ ነው የገባችው።"

ክፍሉ ሳቀ። ኪርስቲ ግን አልጨረሰችም። "አንቺስ ሚስ? ደግመሽ ብትሠሪው ምኑን ትቀይሪያለሽ?"

ይህን ጥያቄ ለሄስተር ራግ ያቀረበላት ሰው አልነበረም። በመስኮቱ ወደ ወንዙ አየች። በዚያ ክፍል ያለፉት ልጆች ሁሉ፣ ጋሪዎቹ፣ ቢጫዎቹ ቅጠሎች፣ አብረው በውሃው የሚያልፉ መሰላት።

"እጄን ኪሴ ውስጥ አደርገው ነበር" አለች።

ኪርስቲ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ቀሚስሽ ኪስ የለውም እኮ፣ ሚስ።"

"እሰፋለታለኋ።"

"ታዲያ መጀመሪያ ሳዪዋ!" አለች ኪርስቲ።

ሄስተር ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ጠርዙ የተንሻፈፈ ትልቅ ኪስ ሳለች፤ ሳታስተካክለውም ተወችው።